በፍተሻ ሰልፍ ያመለጠው ሒሳብ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ዲሲ አካባቢ ነው። ልጄ ዘንድሮ 9ኛ ክፍል ገባ። ሃይስኩሉ በር ላይ የብረት መፈተሻ ማሽን ተተክሏል። አውቶቡሱ በዚህ አገር ሰዓት 7፡15 ያወርዳቸዋል፣ ትምህርት 7፡45 ይጀምራል፣ እሱ ግን ክፍል የሚደርሰው 8 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ሰልፉ ሕንፃውን ይዞራል ይለኛል። የመጀመሪያ ክፍሉ ሒሳብ ነው። ድሮ የሚወደው ሒሳብ አሁን ውጤቱ ወርዷል። በዚያ ላይ «ስድስት ጊዜ አርፍዷል» የሚል ደብዳቤ መጣልኝ። እኔ አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ የማታ ሥራ ነው የምሠራው። ትምህርት ቤት ስደውል የሚያስተረጉምልኝ ራሱ ልጄ ነው፣ እነሱም «ቀደም ብሎ ይምጣ» ይላሉ። አውቶቡሱን የምነዳው እኔ አይደለሁ! ሰሞኑን ደግሞ ከሥራ ስገባ አልጋው ላይ ነው የማገኘው። «እማ፣ ቀደምኩም ዘገየሁም ያው ነው» ይለኛል። ምን ላድርግ?
የ9ኛ ክፍል ተማሪ እናት

መልስ፦ እህቴ፣ ከደብዳቤሽ መጨረሻ ልጀምር። ሌሊቱን ሙሉ ሠርተሽ ስትገቢ ልጅሽን አልጋ ላይ ማግኘት እንዴት እንደሚያናድድ ይገባኛል። ግን ልጅሽ ሰንፎ አይመስለኝም። በጊዜ ተነስቶ፣ በጊዜ ወጥቶ፣ በጊዜ ደርሶ፣ «አርፍደሃል» ተባለ። ያውም ስድስቴ። ትልቅ ሰውም ቢሆን ተስፋ ይቆርጣል። ስለዚህ ስለ እንቅልፉ ከመጨቃጨቃችሁ በፊት መዝገቡን አስተካክዪለት። እናቴ ከጎኔ ናት ብሎ ካመነ መነሳቱ ይቀለዋል።

በግልጽ ልናገር። ትምህርት ቤቱ ራሱ ባቆመው ሰልፍ ላይ ቆሞ የቆየ ልጅ አላረፈደም። ግቢው ደርሷል። ያዘገየው ትምህርት ቤቱ ነው።

ሰልፉ ለምን እንደሚረዝም ሒሳቡን አብረን እንሥራው፣ ስትነጋገሪያቸው ይጠቅምሻል። አንድ ትምህርት ቤት 1,500 ተማሪና ሦስት ማሽን አለው እንበል። በእያንዳንዱ ማሽን በደቂቃ 15 ልጅ ቢያልፍ ሁሉም ገብቶ ለመጨረስ 33 ደቂቃ ይፈጃል። ያለው ጊዜ 30 ደቂቃ ከሆነ ገና ከመነሻው አልበቃም ማለት ነው። ይሄ ደግሞ ማሽኑ ጭራሽ ካልጮኸ ነው። ከአሥር ልጅ በአንዱ ላይ ቢጮህ 150 ቦርሳ ጠረጴዛ ላይ ይከፈታል። ለአንድ ቦርሳ ግማሽ ደቂቃ ብንሰጠው እንኳ 75 ደቂቃ ነው፣ ጠረጴዛው ላይ ያለው ፈታሽ አንድ ሰው ከሆነ መቼም አይደርስ። ብዙ ጊዜ ሰልፉን የሚያቆመው ማሽኑ ሳይሆን ከማሽኑ ወዲያ ያለችው ጠረጴዛ ናት። ደግሞ ልጆቹ በየተራ አይደለም የሚመጡት፣ አውቶቡሶቹ ተከታትለው በአሥርና በአሥራ አምስት ደቂቃ ውስጥ ሁሉንም ያራግፏቸዋል።

ማሽኑ ቢላና ሽጉጥ ብቻ ለይቶ የሚያውቅ የሚመስላቸው አሉ። አይደለም። የሚያየው ብረት ነው፣ አዲሶቹም የብረቱን መጠንና ቅርጽ ገምተው ነው የሚጮኹት። ክሮምቡክ (የትምህርት ቤት ላፕቶፕ)፣ የባይንደር ቀለበት፣ ጃንጥላ፣ የመነጽር ቤት፣ የብረት ውሃ መያዣ ሊያስጮኹት ይችላሉ። ለዚህ ነው በብዙ ቦታ ልጆቹ ላፕቶፓቸውን ከቦርሳ አውጥተው በእጃቸው ይዘው የሚያልፉት።

ባለፈው ጸደይ የእህቴን ልጅ ሳደርስ ቆሜ አይቻለሁ። ዝናብ ነበር። ከእሷ ፊት ያለች ልጅ ስታልፍ ማሽኑ ጮኸ፣ ቦርሳዋ ተከፈተ፣ ጃንጥላ ወጣ። ተመልሳ አለፈች፣ አሁንም ጮኸ። ከቦርሳው ሥር በፎጣ የተጠቀለለ የብረት ምሳ ዕቃ ወጣ። ፈታሹ ክዳኑን ከፈተው፣ የሽሮው ሽታ በሩን ሞላው። ከኋላ ያሉት ሳቁ። ልጅቷ አንገቷን ደፍታ ምሳ ዕቃውን በእጇ እንደያዘች ገባች። ያንን ምሳ በማለዳ ተነስታ የቋጠረችላት እናት እስካሁን በዓይኔ ትሄዳለች። እባክሽ የልጅሽን ምሳ በፕላስቲክ ቋጥሪለት፣ ውሃውንም እንዲሁ። ላፕቶፑን ገና ሰልፍ ላይ እያለ ያውጣ። እነዚህ ደቂቃ ያተርፉለታል፣ የ1,500 ልጅ ሰልፍ ግን አያሳጥሩም።

አሁን ወደ ዋናው። ልጅሽ ከአውቶቡስ ሲወርድ አንዲት ቃል ቴክስት ያድርግልሽ፣ «ደረስኩ» ብቻ። በሩ ሲገባ ደግሞ ሌላ። ስልኩ ላይ ሰዓቱ ይመዘገባል። የሁለት ሳምንቱን ሰብስበሽ ለርዕሰ መምህሩና ለአቴንዳንስ ቢሮው በኢሜይል ላኪ። ብዙ ማብራራት አያስፈልግሽም። «ልጄ በእነዚህ ቀናት በትምህርት ቤቱ አውቶቡስ 7፡15 ደርሶ የፍተሻ ሰልፍ ላይ ነበር፣ ማርፈዱ ከመዝገቡ እንዲነሳ እጠይቃለሁ» በቂ ነው። በቃል የነገርሻቸው ይረሳል፣ የጻፍሽው ይቀመጣል። ሒሳብ አስተማሪውንም ያመለጠውን የሚያካክስበት ጊዜ ጠይቂው፣ ከትምህርት በኋላ ወይም በምሳ ሰዓት የሚረዱ አስተማሪዎች አሉ። ልጅሽ ቁርስ የሚበላው እዚያ ከሆነ እሱንም አንሺ፣ ሰልፍ ላይ ቆሞ ቁርስ ያመለጠው ልጅ ባዶ ሆዱን ነው ሒሳብ ላይ የሚቀመጠው።

ልጅሽ አያስተርጉምልሽ። ይሄን በጣም ነው የምለምንሽ። የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለወላጅ በሚገባው ቋንቋ የማስረዳት ግዴታ በፌዴራል ሕግ አለባቸው፣ አስተርጓሚውም በነፃ ነው። የፌዴራል ትምህርትና ፍትሕ መሥሪያ ቤቶችም በፈረንጆቹ ጥር 2015 ባወጡት፣ በ2025 ግን በተሻረው መመሪያ ተማሪን ወይም ወንድም እህቱን በአስተርጓሚነት መጠቀም እንደማይገባ ጽፈው ነበር። ስትደውዪ «አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር ፕሊስ» በይና ጠብቂ። በስልክ ያገናኙሻል። ልጅ የራሱን ክስ ለእናቱ ሲያስተረጉም መሐል ላይ የሚቀር ነገር አለ፣ ከኀፍረትም ከፍርሃትም።

ብቻሽንም አትሁኚ። በዚያው አውቶቡስ ከሚመጡት ልጆች ወላጆች ሦስት አራት ሆናችሁ ብትጽፉ ይሰማል። የምትጠይቁት ይታወቃል፤ ሌላ በር ይከፈት፣ ጠረጴዛው ላይ ሰው ይጨመር፣ አውቶቡሶቹ በየተራ ይግቡ፣ ሰልፉ እስኪያልቅ የመጀመሪያው ክፍል ማርፈድ አይመዝግብ።

ጥያቄ፦ እኔ ግን አንድ ነገር አይገባኝም። አዲስ አበባ ባንክ ስንገባ፣ ሆቴል ስንገባ፣ መሥሪያ ቤት ስንገባ ይፈተሽ የለም እንዴ? ልጆቼ እዚህ ቨርጂኒያ ፍተሻ በመጀመሩ ሲያማርሩ እበሳጫለሁ። ደኅንነታቸው ከሰልፍ አይበልጥም?
የሦስት ልጆች አባት

መልስ፦ ጋሼ፣ ስጋትዎ የእኔም ነው። ልጁን ጠዋት ሸኝቶ ማታ እንዲመለስለት የማይጸልይ ወላጅ በዚህ አገር የለም። ማሽኑ ይነሳ የምል አይደለሁም። ዲሲ ሃይስኩሎች ለብዙ ዓመታት ኖረውበታል፣ ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲና አሌክሳንድሪያም በ2023 ጀምረዋል።

ግን ማሽን አለ ማለት አደጋ የለም ማለት አይደለም። ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ ዩቲካ የምትባል ከተማ ወደ 4 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ አውጥታ ኢቮልቭ የተባለውን መፈተሻ በትምህርት ቤቶቿ ተከለች። በጥቅምት 2022 መጨረሻ አንድ ተማሪ ቢላ ይዞ በዚያው አልፎ ገባና ሌላውን ልጅ ኮሪደር ላይ ደጋግሞ ወጋው። በኋላ በዚያ ትምህርት ቤት ማሽኖቹ ተለወጡ። በኅዳር 2024 ደግሞ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ኩባንያው የማሽኑን ችሎታ አጋንኖ ነግሯል ብሎ ከሰሰው፣ ስምምነቱም አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ውላቸውን እንዲሰርዙ ዕድል ሰጠ። በፈረንጆቹ 2011 የ15 ዓመት ጥናቶችን የገመገሙ ተመራማሪዎችም ማሽኑ የተማሪዎችን ጠብና ጥቃት ይቀንሳል ለማለት በቂ ማስረጃ አላገኙም፣ እንዲያውም በአንዳንዶቹ ጥናቶች ልጆቹ በትምህርት ቤታቸው የሚሰማቸው የደኅንነት ስሜት ቀንሶ ነበር።

ልጆችዎ የሚያማርሩትም ደኅንነት ጠልተው አይመስለኝም። እርስዎና እኔ አገር ቤት ባንክ በር ላይ እጃችንን ዘርግተን ስንቆም ሁሉም ሰው እኩል ይፈተሻል፣ ከዚያ ጉዳያችንን ጨርሰን እንወጣለን። እነሱ ግን በየቀኑ፣ በገዛ ትምህርት ቤታቸው፣ በዓመት 180 ቀን ነው። ሌላ ቦታ ያለ ትምህርት ቤት ተማሪ ሳይፈተሽ ሲገባ እነሱ ሲፈተሹ «እኛን ለምን?» ይላሉ። ቁጭ ብለው ይጠይቋቸው። ፈታሹ በስማቸው ይጠራቸዋል ወይስ ይጮኽባቸዋል? ቦርሳቸውን ማን ነው የሚከፍተው? እዚያ ቤት ቢላ ያየ ልጅ ለማን ነው ሄዶ የሚናገረው? ለእኔ ከማሽኑ በላይ የሚጠብቃቸው ይሄ የመጨረሻው ነው። ልጅ የሚያምነው አዋቂ ካለ ይናገራል።

ጥያቄ፦ 16 ዓመቴ ነው፣ ስኳር ስላለብኝ የኢንሱሊን ፓምፕ አደርጋለሁ። አንገቴ ላይ ደግሞ አያቴ የሰጠችኝ የብር መስቀል አለ። ትምህርት ቤታችን ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ፍተሻ ሊያደርግ ነው። ፈርቻለሁ።
ተማሪ

መልስ፦ የኔ ቆንጆ፣ አትፍሪ። አብዛኞቹ ፓምፖች በብረት መፈተሻ በር ቢያልፉ አይጎዱም፣ በኤክስሬይ ማሽን ግን መግባት የለባቸውም። የአንቺን ግን ሐኪምሽን ጠይቂ፣ እንደ ስሪቱ ይለያያል። ከሐኪምሽ ደብዳቤ አምጥተሽ ፍተሻው ከመጀመሩ በፊት ለትምህርት ቤቱ ነርስ ስጫት፣ እሷ ለፈታሾቹ ትንገርልሽ። ፈታሽ ይቀያየራል፣ ስለዚህ አንድ ኮፒ የቦርሳሽ የውጭ ኪስ ውስጥ ይኑር። ማንም ሰው ፊት ልብስሽን ገልጠሽ ፓምፑን እንድታሳዪ አትገደጂም። «ለብቻ፣ በሴት ፈታሽ» ማለት ትችያለሽ።

መስቀልሽ ትንሽ ከሆነ አዲሶቹ ማሽኖች አብዛኛውን ጊዜ አይጮኹበትም፣ ለትልቅ ብረት ነው የሚስተካከሉት። ከጮኸም ማተብሽን ሳትፈቺ በእጅ መፈተሻው እንዲያዩልሽ ጠይቂ። ነርሷ ጋ ስትሄጂ ይሄንንም አብረሽ ንገሪያት።