የሊፖ ባትሪ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ስለ ሪሞት መኪና ጥያቄ ያላችሁ ላኩልኝ ብዬ ነበር። ከባሕር ዳር እስከ ደጀን ጥያቄ ጎረፈ። አብዛኛው ስለ ርካሽ ሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር) ባትሪ ነው፤ ደስ ብሎኛል፤ ሌት ተቀን የማስበው እሱን ነውና። ከሁሉ በፊት ግን፦ ቻርጅ ላይ ያለ ሊፖ ብቻውን አይተውም። ይህን ደጋግሜ እላለሁ፤ እንዳትሰለቹኝ።

ከቡሬ፦ ጋሼ፣ አሪፍና ርካሽ ባትሪ የትኛው ነው?

ለየትኛው መኪና? ሞተሩ ምንድን ነው? የባትሪው ማስቀመጫ ስንት በስንት ሴንቲ ነው? ሶኬቱ ቲ ነው ወይስ ኤክስቲ 60? ይህን ሳላውቅ ምን ብዬ ልንገርህ? በማስመሪያ ለካና ተመለስ።

ከደብረ ማርቆስ፦ ደብሊውኤል ቶይስ 144001 የሚባል ሪሞት መኪና አለኝ። አብሮት የመጣው 7.4 ቮልት 1500 ሚሊአምፒር ነው፤ ቶሎ ያልቃል። 3000 ባስገባበት ሞተሩ ይቃጠላል?

ጥያቄ ማለት እንዲህ ነው! አይቃጠልም። ሞተሩ የሚፈልገውን ያህል ብቻ ነው የሚስበው። ሚሊአምፒር (ሙሉ ስሙ ሚሊአምፒር-ሰዓት) የባትሪው የመያዝ አቅም ነው፤ ሲጨምር የምትነዳበት ጊዜ ይረዝማል፤ ፍጥነት የሚጨምረው ቮልት ነው። ያንተ 7.4 ቮልት ባለ 2 ሴል ነው፤ ማለትም ውስጡ ሁለት ትንንሽ ባትሪ አለ። በባለ 2 ሴል ፋንታ ባለ 2 ሴል እስካስገባህ ድረስ አትስጋ። የሚያሰጋው ሌላ ነው። ባትሪው ሲተልቅ ይከብዳል፣ ቦታም አይበቃውም። ክዳኑን በጉልበት እንዳትዘጋው። ሊፖ ውስጡ ለስላሳ ከረጢት ነው፤ ከተጨፈለቀ ሾርት ያደርጋል። አንድ ነገር ደግሞ፦ ረጅም ጊዜ ስለምትነዳ ሞተሩ ይግላል። በመሃል አሳርፈው።

11.1 ቮልት፣ ማለትም ባለ 3 ሴል፣ ልክተት የምትሉ ስድስት ሰዎች አላችሁ። ለሁላችሁም አንድ መልስ፦ የዚህ መኪና ሞተር ተራ ብሩሽ (ካርቦን ያለው) ሞተር ነው፤ ባለ 3 ሴል አልመክርለትም።

ከፍኖተ ሰላም፦ አንዱ 30ሲ፣ ሌላው 100ሲ ይላል። ዋጋቸው እኩል ነው። 100 የሚለውን ልግዛ?

ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ሲ የሚባለው ቁጥር ባትሪው በአንድ ጊዜ ምን ያህል መልቀቅ እንደሚችል ይናገራል። ስሌቱ ቀላል ነው። 5000 ሚሊአምፒር 5 አምፒር ነው፤ በ100 ስታባዛው 500 አምፒር ይሆናል። አሁን ከባትሪው የወጣውን ሽቦ ተመልከት። ያ ሽቦ 500 አምፒር ሳያቋርጥ ቢያልፍበት ላስቲኩ ይቀልጣል። ቁጥሩ ለገበያ የተጻፈ ነው ማለት ነው።

ደግሞስ ምን ያደርግልሃል? ለተራ ብሩሽ ሞተር እውነተኛ 20ሲ ከበቂ በላይ ነው። 3000 ሚሊአምፒር በ20ሲ 60 አምፒር ይሰጥሃል። ስለዚህ ወረቀቱን ትተህ ክብደቱን መዝን። የወርቅ ወይም የቅመም ሚዛን ያለው ሰው አይጠፋም። ሁለቱም 5000 ነኝ ካሉና አንዱ በጣም ከቀለለ፣ የቀለለው እየዋሸህ ነው። ውስጡ የሌለ ነገር አይመዝንም።

ከዳንግላ፦ እኔ የላፕቶፕ ባትሪ ፈትቼ ውስጡ ያሉትን 18650 የሚባሉ ክብ ሴሎች አገናኝቼ ነው የምነዳው። ምንም አልሆነም።

ከሞጣ፦ እኔ ግን ሞክሬው መኪናው ጋዝ ስሰጠው ይሞታል። ገበያ ላይ 9900 ሚሊአምፒር የሚል 18650 አለ፤ እሱን ውሰድ።

ከዳንግላ፦ 9900? ያንተው ነው ውሸቱ። የኔው ቢያንስ እውነተኛ ነው።

ሁለታችሁም አንዴ ቆዩ። የዳንግላው ወንድሜ፣ የላፕቶፕ ሴል የተሠራው ቀስ እያለ ለሰዓታት እንዲሰጥ ነው። መኪና ግን በአንድ ጊዜ ብዙ ይስባል፤ የሞጣው መኪና የሚሞተው በዚህ ነው። አሮጌ ሴል ከአሮጌ ሴል ጋር አቅሙ አይመጣጠንም፤ አንዱ ቀድሞ ያልቅና ይጎዳል። የሞጣው ደግሞ፣ ጥሩ የሚባለው 18650 ራሱ ወደ 3500 ሚሊአምፒር ገደማ ነው የሚይዘው። 9900 የሚል ጽሑፍ ካየህ አትግዛ።

ከባሕር ዳር፦ ቻርጀሬ አይማክስ ቢ6 ነው። ቅንብሩን አስረዳኝ።

ሊፖ የሚለውን ምረጥ። የሴሉን ብዛት አረጋግጥ፤ ባለ 2 ሴል 7.4 ቮልት ይላል። አምፒሩን በባትሪው መጠን ልክ አድርግ፤ ለ3000 ሚሊአምፒር 3 አምፒር። ወፍራሙን ሶኬት ብቻ ሳይሆን ነጯን ትንሽ ሶኬትም ሰካ፤ ባለ 2 ሴል 3 ሽቦ አላት። ከዚያ ባላንስ የሚለውን አስጀምር፤ ሴሎቹን እኩል አድርጎ ይሞላል። እያንዳንዱ ሴል 4.20 ቮልት ሲደርስ ሞልቷል። ከ4.20 በላይ አንዲት ነጥብ አታሳልፍ። ይህ ቻርጀር 50 ዋት ስለሆነ በባለ 3 ሴል 5 አምፒር ብትለውም ወደ 4 ዝቅ ይልብሃል፤ ተበላሸ ብለህ አትፍታው።

የባትሪውን ዓይነት ደግሞ ሁለቴ አንብብ። እኔ አንድ ማታ ቸኩዬ ቻርጀሩን ኒኬል በሚለው የሌላ ባትሪ ቅንብር ላይ ትቼ ሊፖ ሰካሁ። አጠገቡ ነበርኩ። መጀመሪያ ጣፋጭ የሚመስል ሽታ መጣ፤ ዞር ስል ባትሪው እንደ ድፎ ተነፍቷል። ነቅዬ በሸክላ ድስት ይዤው ወደ ግቢ ሮጥኩ። አሸዋው ላይ እንደደፋሁት ፉጨት አሰማ፣ ጭሱ ተትጎለጎለ። ቡና ላፈላ ወጣ ብዬ ቢሆን ኖሮ መጋረጃው ይያያዝ ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ ባዶ ሲሚንቶ ላይ፣ በሸክላ ድስት ውስጥ ነው ቻርጅ የማደርገው። ክዳኑን ግጥም አላደርገውም፤ ጭሱ መውጫ ይፈልጋል።

ከባሕር ዳር፦ እናቴ ምጣድ ስትሰካ ቻርጀሩ ይጠፋና እንደገና ይነሳል።

ከእንጅባራ፦ ስታቢላይዘር ግዛ።

ከባሕር ዳር፦ ስታቢላይዘሩ ከመኪናው ይወደዳል እኮ!

ከደጀን፦ በኛ ሰፈር ምጣድ የሚሰካው ሌሊት ነው፤ ቀን መብራቱ አይችልም።

ስለ ምጣድ ሌላ ቀን እናውራ። ምጣድ ብዙ ይስባል፣ ቮልቱ ይወርዳል፣ ቻርጀሩ ይጠፋል። እንጀራው እስኪያልቅ ጠብቅ። መብራት ሄዶ ሲመለስ ደግሞ ቅንብሩን እንደገና እይ።

ከቡሬ፦ ማታ ሰክቼ ጠዋት ብነቅለውስ?

አይሆንም! መግቢያው ላይ ጻፍኩት፣ አሁንም ጻፍኩት። ተኝተህ አትቻርጅ።

ከፍኖተ ሰላም፣ እናት ነኝ፦ ልጄ አልጋው ሥር ነው የሚሰካው። አብሮ የመጣው የዩኤስቢ ቻርጀር ነው። ልከልክለው?

እናቴ፣ መኪናውን አይከልክሉት፤ ቦታውን ያስቀይሩት። የዩኤስቢው ቀርፋፋ ነው እንጂ ሴሎቹን ለየብቻ የሚሞላ ከሆነ መጥፎ አይደለም። ከአልጋና ከፍራሽ ይራቅ፣ እርስዎ ወይም እሱ እያያችሁት ይሁን። ከነዳ በኋላ ባትሪው በእጅ ሲዳሰስ እስኪቀዘቅዝም አይሰካ።

ከእንጅባራ፦ ሪሞቴ ከ20 ሜትር በላይ አይሰማም።

እሱ የሬዲዮ ጉዳይ ነው። ሌላ ሰው ጠይቅ።

ከደጀን፦ ዋጋ ስንት ነው?

በየሳምንቱ ይለያያል። አልጽፍም።

ከባሕር ዳር፦ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ላመጣ ነው። ሻንጣ ውስጥ ልክተተው?

በእጅ በሚያዘው ቦርሳ እንጂ ወደ ጭነት በሚገባው ሻንጣ አይሆንም። የሶኬቱን ጫፍ በፕላስተር ሸፍን። በአውቶቡስ ከመጣህ ደግሞ ዓባይ በረሃ ላይ ፀሐይ የሚመታው መስኮት ሥር አታስቀምጠው።

ከደብረ ማርቆስ፦ በሰኔ ሞልቼ አስቀመጥኩት፤ ለመስቀል ሳወጣው አብጧል። ምን አጠፋሁ?

ጎጃም ውስጥ ስንት ባትሪ የሚሞተው እንዲህ ነው! ክረምቱ ይገባል፣ ጭቃው መኪና አያስነዳም፣ ሁሉም ሞልቶ ቁም ሳጥን ውስጥ ይከታል። ሙሉ ሆኖ ወራት የቆየ ሊፖ ያረጃል፣ ያብጣል። ባዶውን የተቀመጠም ቀስ እያለ ወርዶ ከ3.0 በታች ይገባል፤ ያም ሞት ነው። ቻርጀሩ ላይ ስቶሬጅ የሚል አለ። እያንዳንዱን ሴል 3.8 አካባቢ ያቆመዋል። ሰኔ ላይ እንዲያ አድርጉ፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ አንዳንዴ በቴስተር ለኩ። ቮልት ሲወርድ የምትጮኸዋን ትንሽ ማስጠንቀቂያ ባትሪው ላይ ሰክታችሁ እንዳትረሱ፤ እሷም ባትሪውን ትጠጣዋለች። ስትነዱ ግን 3.5 ላይ አድርጓት፤ ስትጮህ አቁሙ።

ያበጠው ግን አልቆለታል። አትብሳው፣ አትጫነው፣ ቻርጅ አታድርገው። ግቢ ውስጥ በትንሽ የመኪና አምፖል ቀስ ብሎ እስከ ዜሮ ይውረድ።

ከዳንግላ፦ እሺ፣ ተሸነፍኩ፤ ሊፖ ገዛሁ። አሁን አንዱ ሴል 4.19፣ ሌላው 3.97 ይላል። ደህና ነው?

ደህና አይደለም፤ ግን አትጣለው። ነጯ ሶኬት በደንብ መሰካቷን እይና በ1 አምፒር ባላንስ አድርገው። አጠገቡ ቁጭ በል። ከሞላ በኋላ ነቅለህ አሳድረውና ጠዋት ሁለቱንም ለካ። ያው ሴል እንደገና ወርዶ ካደረ ለሻጩ መልስለት። ቁጥሮቹን ላክልኝ።