ትሉን ከመግደላችሁ በፊት አሳድጉት

በዕፅዋት ጥበቃ ትምህርት ክፍል የተመደባችሁ፣ ብዙዎቻችሁም የተመኛችሁት ሕክምና ወይም ምሕንድስና ሳይደርሳችሁ ቀርቶ ቅር ያላችሁ ወጣቶች ሆይ፣ ይህን የምጽፍላችሁ የሥራ ዘመኔን ከነፍሳት ጋር የጨረስሁ ሰው ነኝ። የሙያውን ክብር ልሰብካችሁ አልተነሣሁም። አንድ ልማድ ብቻ እንድትይዙ እሻለሁ፤ ማሳ ውስጥ ያገኛችሁትን ትል ወይም ጥንዚዛ ጠላት ነው ብላችሁ ከመፍረዳችሁ በፊት በብልቃጥ ያዙት፣ ምን እንደሚበላና ከውስጡ ምን እንደሚወጣም ጠብቃችሁ እዩ።

እኔ ይህን የተማርሁት በኀፍረት ነው። ጀማሪ ባለሙያ ሳለሁ በመስኖ የሚለማ የጥቅል ጎመን ማሳ እንድመለከት ተላክሁ። ክሽክሽ የሚባለው የተክል ጭማቂ መጣጭ ደቃቅ ተባይ ዐመድ የተነሰነሰ እስኪመስል ድረስ የቅጠሉን ግርጌ ሸፍኖታል። ከመካከሉ አንዳንዱ አብጦና ቡናማ ሆኖ ቅጠሉ ላይ እንደ ተለጠፈ ደርቋል፤ የጥቂቶቹ ጀርባ ደግሞ በመርፌ የተበሳ የሚመስል ክብ ቀዳዳ ነበረው። ቀዳዳውን አየሁት፣ ነገር ግን ምንድን ነው ብዬ አልጠየቅሁም። የማሳው ባለቤት የሆኑ አዛውንት አንዲት ቀይ፣ ባለ ጥቁር ነጠብጣብ ጥንዚዛ በመዳፋቸው ይዘው «ልጄ፣ ይቺስ ጥፋተኛ ናት?» ቢሉኝ፣ «አባባ፣ ሁሉም ተባይ ነው» ብዬ አስረጨኋቸው። አንድ ወር ሳይሞላ ክሽክሹ ከቀድሞው በዝቶ ተመለሰ። ኋላ እንደ ተረዳሁት፣ ከክሽክሹ እንኳ የማትበልጥ ጥገኛ ተርብ እንቁላሏን በሆዱ ውስጥ ትጥላለች፤ ዕጯም ከውስጥ እየበላችው ታድግና ተርብ ሆና ጀርባውን ቀድዳ ትወጣለች። ጥንዚዛዋም ብትሆን ቀለቧ ክሽክሽ ነው። ክሽክሽ ያለ ወንድ ስለሚራባ ከርጭት የተረፈው ጥቂቱ በቀናት ውስጥ ማሳውን ይሞላል፤ ተርቧና ጥንዚዛዋ ግን እንዲያ ፈጥነው አይራቡም። አዛውንቱ የመርዙን ዋጋ ከኪሳቸው ከፍለው ያለ ደመወዝ የሚሠሩላቸውን እንዲያባርሩ ያደረግሁት እኔ ነኝ።

መጤ ተምች እ.ኤ.አ. በ2016 በምዕራብ አፍሪካ ተገኝቶ በ2017 መጀመሪያ ወደ ደቡብ ኢትዮጵያ በገባ ጊዜ ድንጋጤው ከባድ ነበር፤ ገበሬው ከነቤተሰቡ እየወጣ ትሉን በእጁ ይለቅም ነበር። ይህ ትል ግንባሩ ላይ የተገለበጠ የፈረንጅ «ዋይ» ፊደል የመሰለ መስመር፣ ከጅራቱ አጠገብ ደግሞ አራት ማዕዘን ሠርተው የተቀመጡ አራት ጥቁር ነጠብጣቦች ስላሉት ከነባሩ ተምች ይለያል። ተመራማሪዎች ትሎቹን ከበቆሎ ማሳ ሰብስበው በቤተ ሙከራ አሳደጓቸው። አንድ ላይ ከተቀመጡ እርስ በርሳቸው ስለሚበላሉ እያንዳንዱ የራሱ ዕቃ ያስፈልገዋል፤ ቅጠሉ በየጊዜው ይቀየርለታል፣ ቆሻሻው ይጠረጋል። ጤነኛው ትል ሙሽሬ ሆኖ በመጨረሻ የእሳት ራት ይወጣዋል። አንዳንዱ ግን መብላቱን አቁሞ ይደክምና ከጎኑ ከሩዝ ፍሬ ያነሰች ነጭ የፈትል ጎጆ ትታያለች፤ ከዚያች ጎጆ የምትወጣው ኮቴሲያ ኢሲፔ የተባለች ተርብ ናት። የአህጉራችን ተወላጅ የሆነች ተርብ ከአሜሪካ ለመጣው እንግዳ ትል በቶሎ መድረሷ እስከ ዛሬ ይደንቀኛል። ኢትዮጵያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2017 ከተሰበሰቡት ትሎች እንደየቦታው ከ33.8 እስከ 45.3 በመቶ የሚሆኑት በእርሷ የተያዙ ነበሩ። ይህ ማለት መርዝ ፈጽሞ አይነካ ማለት አይደለም፤ ተርቧ የያዘችው ትል እስኪሞት ቅጠል ይበላል፣ ከግማሽ በላይ የሚሆነውም ሳይያዝ ይቀራል። ስለዚህ ማሳውን እየተዘዋወራችሁ አምስት ቦታ ላይ ቁሙ፣ በየቦታው አሥር አሥር ተክል መርምሩ፣ ከሃምሳው ስንቱ እንደ ተጠቃ ጻፉ፤ ስለ ርጭት የምትናገሩት ከዚያ በኋላ ይሁን።

የነፍሳትን ጥቅም ማስመስከርም እንዲሁ ቀላል ሙከራ ይበቃዋል። መስከረምና ጥቅምት ላይ ኑግ ሲያብብ ጥቂት አበቦችን ነፍሳት በማያስገባ ስስ ጨርቅ ሸፍኑ፣ ከጎናቸው ያሉትን ክፍት ተዉ፣ ሲደርስ የሁለቱንም ፍሬ ቁጠሩ። ኑግ በአብዛኛው በራሱ የአበባ ብናኝ ፍሬ ስለማይዝ የተሸፈነው ፍሬ የሌለው ገለባ ሲበዛበት ታያላችሁ። ንብ የምትሠራው ማር ብቻ ነው ለሚል ሰው የእኔ መልስ ይህ የፍሬ ቆጠራ ነው። በቀን አበባ ላይ መርዝ የሚረጭ ጎረቤት ካላችሁም ውጤቱን አሳዩት።

የቀረው ጽሕፈት ነው። የያዛችሁትን ነፍሳት በአልኮል ስታስቀምጡ ቦታውን፣ ቀኑን፣ የተገኘበትን ተክልና የሰብሳቢውን ስም በቁራጭ ወረቀት ጽፋችሁ እዚያው ብልቃጥ ውስጥ ክተቱ፤ የምትጽፉትም በእርሳስ ይሁን። የእስክሪብቶ ቀለም በአልኮል ይለቃል። ከዚያ የጎመን ማሳ ጥፋት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ከክሽክሽ ያሳደግኋቸው ሰባት ተርቦች ዛሬም ጠረጴዛዬ ላይ አሉ፤ ወረቀታቸው ነጭ ሆኖ ስለ ቀረ ከየትኛው ማሳ እንዳመጣኋቸው ልነግራችሁ አልችልም።