ከአንካራ ወደ አንታልያ ባሕር ለምትሄደው የመሐል ሜዳ እህቴ፦ ከባሕሩ በፊት ማደሪያውን

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደብረ ብርሃን ሆኜ አነበብኩት። አንካራ እንደምትማሪ፣ በነሐሴ መጀመሪያ ከሦስት የክፍል ጓደኞችሽ ጋር ቅዳሜና እሑድን አንታልያ ባሕር ዳር ልታሳልፉ እንዳሰባችሁ፣ ዋና እንደማትችዪ ጽፈሽ ምን እንደምትጠነቀቂ ጠይቀሻል። የፀሐይ ክሬሙንና የመነጽሩን ነገር ሌሎቹ ስለጻፉልሽ አልደግመውም። እኔም በስኮላርሺፕ አንካራ ተምሬ የተመለስኩ ነኝ፤ ያየሁትን ልንገርሽ።

1. የመንግሥት ዶርም ውስጥ ነሽ ብዬ ልነሳ፤ የስኮላርሺፕ ልጆች ብዙዎቻችን የኖርነው እዚያ ነውና። ውጭ ለማደር ቀድመሽ ፈቃድ ሙዪ። ዝም ብለሽ ሄደሽ ማታ ፊርማ ላይ ከጠፋሽ ጣጣው ሰኞ ይጠብቅሻል።

2. ዓርብ ማታ ከአሽቲ መናኸሪያ ተሳፈሪ። መንገዱ የስምንት ሰዓት ያህል ስለሆነ ሌሊቱን ተኝተሽ ጠዋት አንታልያ ትነቂያለሽ፤ የአንድ ሌሊት የማደሪያ ገንዘብም ይተርፍሻል። ለትኬቱ በ99 የሚጀምረውን የውጭ ዜጋ መታወቂያ ቁጥርሽን ወይም ፓስፖርትሽን ይጠይቁሻል። ሴት መሆንሽን ካዩ ከማታውቂው ወንድ ጎን አያስቀምጡሽም።

3. ማደሪያ። እዚህ ላይ ቁጭ ብለሽ አንብቢልኝ፤ ይህን ሁሉ የምጽፈው ለዚህ ነው።

እኛ አራት ሴቶች ነበርን፤ እኔ፣ አንዲት ሶማሌ፣ አንዲት ኢንዶኔዥያዊትና አንዲት ካዛክ። ከከተማው ጫጫታ ራቅ እንበል ብለን ችራሊ የሚባል የባሕር ዳር መንደር ውስጥ ፓንሲዮን (አነስተኛ የእንግዳ ማደሪያ) ያዝን። ከአንታልያ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ወደ ኩምሉጃ የሚሄደው ሚኒባስ ዋናው አስፋልት ላይ ያወርድሽና ከዚያ በሌላ ዶልሙሽ (እንደ እኛ ታክሲ ያለ ሚኒባስ) ቁልቁል ወደ ባሕሩ ትወርጃለሽ። የክፍሉን ገንዘብ ሙሉውን አስቀድመን በባንክ ልከን ነበር፤ ባለቤቱ ያለዚያ አልይዝላችሁም ብሎናልና።

ቀኑን አንታልያ ውለን አመሻሽ ላይ ደረስን። የእንግዳ መቀበያው ሰውዬ መታወቂያ ጠየቀ፣ ሰጠነው። የኢንዶኔዥያዊቷ ኢካሜት (የመኖሪያ ፈቃድ ካርድ) ግን እድሳት ላይ ስለነበር በእጇ ያለው የማመልከቻው ወረቀት ነው። ሰውዬው ወረቀቱን በጣቱ ገፋ አደረገና “ካርድ የሌለው አይገባም” አለ። መታወቂያ መጠየቁ ጥፋት የለበትም። እዚያ አገር ከ1973 ጀምሮ የጸና 1774 ቁጥር ሕግ አለ፤ ማንኛውም ማደሪያ የእንግዳውን ማንነት መዝግቦ ለፖሊስ ወይም ለጃንደርማ (ከከተማ ውጭ ያለው የጸጥታ ኃይል ነው) ማሳወቅ አለበት። ነገር ግን ያ ወረቀት መንግሥት ራሱ የሰጣት ነው፣ እድሳቱ እስኪያልቅ በሕጋዊ መንገድ አገሩ ውስጥ እንደምትኖር ይመሰክራል፣ ቁጥሯም ላዩ ላይ ተጽፏል። ይህን ሁሉ በቱርክኛ አስረዳሁት። አልሰማም አለ። እንግዲያው ገንዘባችንን መልስ ብንለው “የተያዘ ክፍል ገንዘብ አይመለስም” ብሎ ፊቱን ወደ ቴሌቪዥኑ አዞረ። ሌላ እንግዳ ሲገባ ደግሞ ሻንጣችንን ከደጃፉ እንድናነሳ በእጁ ምልክት ሰጠን። የሰው አገር መሆኑ እንደዚያ ሌሊት ተሰምቶኝ አያውቅም።

ከዚያ በጨለማ በየፓንሲዮኑ ስንጠይቅ አንዲት ባልቴት አስገቡን። እሳቸው ምን አደረጉ መሰለሽ? ስልካቸውን አንስተው ጃንደርማ ዘንድ ደወሉ፣ የልጅቷን ቁጥር አነበቡ፣ ይቻላል ተባሉ፣ መዘገቡን፣ ሻይ አቀረቡልን። ያ ሰውዬ ሊያደርገው ያልወደደው ነገር ይኸው ነበር።

ገንዘቡንም አልተውኩለትም። አንካራ እንደተመለስን ለሸማቾች ዳኝነት ቦርድ (ቱኬቲጂ ሃኬም ሄዬቲ ይሉታል) በኢ-ዴቭሌት፣ በመንግሥቱ የኢንተርኔት አገልግሎት፣ አመለከትኩ። ማመልከቻው ክፍያ የለውም። የኢ-ዴቭሌት የይለፍ ቃል ከሌለሽ ፖስታ ቤት መታወቂያሽን ይዘሽ ሄደሽ ታወጫለሽ። ጓደኞቼ “ለውጭ ተማሪ ማን ይፈርዳል” ብለውኝ ነበር። ወራት ፈጀ፤ ግን ተፈረደልን፣ ገንዘቡም ሳይሸራረፍ ወደ ሒሳቤ ገባ። ያዳነን ገንዘቡን በባንክ በላክሁ ጊዜ የማብራሪያው ቦታ ላይ የማደሪያውን ስምና የምናድርበትን ቀን መጻፌና የተጻጻፍነውን በሙሉ ስክሪንሾት ማስቀመጤ ነው። አንቺም እንዲሁ አድርጊ። ከሁሉ በፊት ግን አራታችሁም ፓስፖርታችሁን በእጃችሁ ያዙ፣ ፎቶ ኮፒ አይበቃም። ካርዱ እድሳት ላይ ያለ ሰው ካለ ይህንኑ ለማደሪያው በጽሑፍ አሳውቃችሁ “እንቀበላለን” የሚል መልስ ሳታገኙ አንድ ሊራ እንዳትልኩ። ሙሉ ክፍያ አስቀድሞ የሚጠይቅ ካለ ሌላ ፈልጉ፣ ሞልቷል።

አሁን ወደ ባሕሩ። ዋና ካልቻልሽ ኮንያአልቲ በሚባለው የአንታልያ ባሕር ዳርቻ አትጀምሪ። ውብ ነው፣ ተራራው ከኋላ፣ ባሕሩ ከፊት፤ ግን ዳርቻው ጠጠር ነው፣ ጥቂት እንደተራመድሽም ጥልቅ ይሆናል። ላራ የሚባለው ሌላው ዳርቻ አሸዋ ነው፣ ቀስ እያለ ነው የሚጠልቀው። እኛ የበሬሳና የጀማ ልጆች የምናውቀው ውኃ ወዲያም ወዲህም ዳር ያለው ነው፤ ሲሞላ እንሸሸዋለን፣ ሲጎድል እንሻገረዋለን። ባሕር ግን ፀጥ ብሎ እያየሽው ከእግርሽ ሥር አሸዋውን ይስባል። ከወገብሽ በላይ አትግቢ፣ ለማዕበሉ ጀርባሽን አትስጪ። ነፍስ አድን ሠራተኛ በሌለበት አትግቢ፣ ቀይ ባንዲራ ከተሰቀለ ደግሞ እግርሽንም አትንከሪ። በነፋስ የሚነፋውን ጎማ “ይይዘኛል” ብለሽ አትመኚው፤ ነፋሱ ከየብስ ወደ ባሕር ሲነፍስ ይዞሽ ይሄዳል። ሞገድ ከሳበሽ ፊት ለፊት አትታገዪው፣ ተንሳፈፊና እጅሽን አንስተሽ ተጣሪ።

ስለ ልብሱ ያፈርሽ መሰለኝ፣ ጥያቄሽ ውስጥ በጨረፍታ አንስተሽዋል። ምንም አትጨነቂ። ሃሼማ የሚባል ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን የዋና ልብስ በየሱቁ አለ፣ የአገሩ ሴቶችም ይለብሱታል፣ ዞሮ የሚያይሽ የለም። እኔ በእሱ ነው የገባሁት፤ ደስታዬ ከማንም አላነሰም።

ነሐሴ መጀመሪያ ፍልሰታ መሆኑን አስበሽበታል? ጾመኛ ከሆንሽ ቱርክ አያስርብሽም። በወይራ ዘይት ተሠርቶ ቀዝቅዞ የሚቀርብ የአትክልት ወጥ አለ፣ ሲሚት የሚባል ሰሊጥ የተነሰነሰበት ቀለበት ዳቦ አለ፣ የምስር ሾርባም አለ (ቅቤ እንዳለበት ጠይቂ)። ቺ ኮፍቴ ደግሞ ሲያዩት ጥሬ ሥጋ ይመስላል፤ በየሱቁ የሚሸጠው ግን ሥጋ የሌለበት፣ ከተፈጨ ስንዴና ከበርበሬ የሚለወስ ነው። እኔ ሁለቱንም ቀን በእሱ ነው የዋልኩት።

ችራሊን ከመረጣችሁ ማታ ባሕሩ ዳር እሳት አታንድዱ፣ የስልክ መብራትም አታብሩ። ካሬታ ካሬታ የሚባሉት የባሕር ኤሊዎች እንቁላላቸውን የሚቀብሩት እዚያ አሸዋ ውስጥ ነው፤ በነሐሴ ጫጩቶቹ ሌሊት እየወጡ ወደ ባሕሩ ይሄዳሉ፣ መብራት ካዩ ግን ወደ መብራቱ ዞረው ይሞታሉ። ካዛኳ ጓደኛችን እንጨት ለቅማ እሳት እናንድድ ስትል ባልቴቷ ናቸው ነግረው ያስቆሟት። ከእሳቱ ይልቅ ያናርታሽን ውጡ። ከዓለቱ ስንጥቅ የሚወጣ ጋዝ ከጥንት ጀምሮ እየነደደ የሚታይበት ተራራ ነው፣ ሲጨልም ነው ውበቱ። አቀበቱ አጭር ነው፤ ጓደኞቼ ሦስቴ ሲያርፉ እኔ ላይ ቆሜ ጠበቅኳቸው። ለመንዝ ልጅማ ምን ሊሆን! የእጅ ባትሪና የተዘጋ ጫማ ግን ያዙ።

የመመለሻ ትኬትሽን ከመሄጃው ጋር ዛሬውኑ ቁረጪ፤ በበጋ የእሑድ ማታ የአንካራ ወንበር ቶሎ ያልቃል። ከአራታችሁ ካርዱ እድሳት ላይ ያለ ካለ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፤ ለማደሪያው የምትልኩትን መልእክት በቱርክኛ ጽፌ እልክልሻለሁ።