መልስ፦ ለሻኒ ሻማ ወይስ የዘይት መብራት?

የሰም ሻማውን ተዪው። ለሻኒ፣ ማለትም ሂንዱዎች እንደ አምላክ ለሚያዩት ለፕላኔቱ ሳተርን፣ ቅዳሜ የሚበራው በትንሽ የሸክላ ጽዋ የሰሊጥ ዘይትና የጥጥ ፈትል ነው። በሰሜን ሕንድ ብዙዎች የሰናፍጭ ዘይት ይጠቀማሉ፤ ያም ያስኬዳል።

«ለዘጠኙም ፕላኔቶች አብሬ ማብራት አለብኝ ወይ?» ላልሽው (ሂንዱዎች ፀሐይንና ጨረቃንም ጨምረው የሚያመልኳቸውን ዘጠኙን ማለትሽ ነው)፣ የለብሽም። ልመናሽ ወደ ሻኒ ከሆነ አንድ መብራት ይበቃል።

ገላሽን ታጠቢ፣ ጽዋውን በብረት ሳህን ላይ አስቀምጪ፣ ከዚያ «ኦም ሻናይሽቻራያ ናማሃ» የሚለውን የሻኒ ጸሎት እያልሽ ለኩሺው። ቤተ መቅደስ ከሄድሽ ደግሞ የዘጠኙ ምስሎች ያሉበትን መድረክ በቀኝሽ አድርገሽ ዘጠኝ ጊዜ ዙሪ። ምስሎቹ እርስ በርስ ስለማይተያዩ ግራ አትጋቢ፤ አቀማመጣቸው ሆን ተብሎ ነው።

አንድ ነገር ግን አደራ። በደቡብ ሕንድ፣ በታሚል ናዱ ግዛት፣ ጥቁር ሰሊጥ በጨርቅ ቋጥረው በዘይቱ ውስጥ እንደ ፈትል የሚያበሩ አሉ። ይህን ቤት ውስጥ አታድርጊው። ቋጠሮው ሲግል ሰሊጡ እየተፈናጠረ፣ ነበልባሉም መጋረጃ እስኪደርስ ከፍ ሲል በዓይኔ አይቻለሁ። አንዳንድ ካህናትም ሰሊጥ ማቃጠሉን አይወዱትም። ሰሊጡን ማቅረብ ከፈለግሽ በሳህን አድርገሽ ከመብራቱ ራቅ አድርገሽ አኑሪው፤ መብራቱ ሳይጠፋም ከክፍሉ አትውጪ።