ፎቶው የማን ታንክ ነው? የሞዴል ሠሪዎች ጥያቄና መልስ

እንዴት ሰነበታችሁ? ባሕር ዳር ለብዙ ዓመታት ቴክኒካል ድሮዊንግ አስተምሬያለሁ። ማታ ማታ ደግሞ ታንክ እሠራለሁ። በካርቶን፣ በፕላስቲክ፣ በሽቦ። ሚዛኔ 1/35 ነው፤ እውነተኛው ታንክ 35 ጊዜ ሲያንስ ማለት ነው። በዚህ ሳምንት «ስለ ዘመናዊ ታንክ ዝርዝር መረጃ አፈላለግ ጠይቁኝ» ብዬ ነበር። ጥያቄው ከየወረዳው መጣ፤ ሌሎችም መሐል እየገቡ ተከራከሩ። እንዳለ አስቀምጬዋለሁ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁ። በመንገድ ወይም በካምፕ ያያችሁትን ታንክ ፎቶ አታንሱ። ስልካችሁንም አታውጡ።

ከደብረ ማርቆስ፦ መምህር፣ ቲ-72 የሚባለውን የሶቪየት ታንክ ጀምሬ ነበር። ርዝመቱ 9.53 ሜትር ይላል። ለ35 አካፍዬ 27 ሴንቲ ሜትር አካል ቆረጥሁ። ጎማዎቹን ስደረድር ባቡር መሰለ። ምኑ ላይ ተሳሳትሁ?

መልስ፦ ማካፈሉ ልክ ነው፤ የተሳሳትኸው ቁጥሩ ላይ ነው። 9.53 ሜትር የሚባለው አፈሙዙ ወደ ፊት ዞሮ፣ እስከ ጫፉ ሲለካ ነው። አካሉ ብቻውን 6.95 ሜትር ገደማ ነው። ለ35 ሲካፈል 19.9 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ወርዱ የጎን መሸፈኛውን ጨምሮ 3.59 ሜትር ነው፤ በሞዴሉ 10.3 ሴንቲ ሜትር። ቁመቱ እስከ ቱሬቱ (መድፉን ይዞ የሚዞረው የላይኛው ክፍል) ጣሪያ 2.23 ሜትር ነው፤ 6.4 ሴንቲ ሜትር። ከላይ ያለው መትረየስ በዚህ ውስጥ የለም።

ስለዚህ ቁጥር ስታገኝ «ከየት እስከ የት?» ብለህ ጠይቅ። አፈሙዙ አለበት? መሸፈኛው አለበት? መትረየሱ አለበት? ይህን የማይነግርህ ቁጥር ካርቶን ያስበላሃል። የቆረጥኸውን ግን አትጣለው። ለቱሬቱ ይሆንሃል።

ከዳንግላ፦ ስለ ታንክ ያለህን መረጃ ላክልኝ።

መልስ፦ የትኛው ታንክ? የየት አገር? የትኛው ክፍሉ? ይህን ጽፈህ ተመለስ።

ከፍኖተ ሰላም፦ ዋናው ልኬት ይገኛል። ትንንሹ ነገር ግን አይገኝም። ለምሳሌ ጎን ላይ ያለ የዕቃ ሣጥን። ከፎቶ መለካት ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል። ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር።

መጀመሪያ ልኩን በእርግጥ የምታውቀው ነገር ፎቶው ውስጥ ያስፈልግሃል። ለቲ-72 ጎማው ይበቃል። የጎማው ስፋት ከጠርዝ እስከ ጠርዝ 750 ሚሊ ሜትር ነው። ፎቶውን አሳትመህ በማስመሪያ ለካ። ጎማው 25 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ ሣጥኑ ደግሞ 15 ቢሆን፣ 15ን ለ25 አካፍለህ በ750 አባዛ። 450 ሚሊ ሜትር ይመጣል። ለ35 ስታካፍለው ወደ 13 ሚሊ ሜትር ነው። ሣጥንህ ይኸው።

ሰዉ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ጎማውና ሣጥኑ ከካሜራው እኩል መራቅ አለባቸው። ቱሬቱ ከጎማው ወደ ውስጥ ገባ ያለ ነው፤ ስለዚህ በፎቶ ያንሳል። በጎማ ልክ ቱሬት ከለካህ ቱሬትህ ትንሽ ይወጣል። ከሩቅ ሆኖ በዙም የተነሣ ፎቶ ይህን ችግር ይቀንሰዋል። ከቅርብ በስልክ የተነሣ ያባብሰዋል።

ሌላም አለ። ታንኩ ሰያፍ ቆሞ ከሆነ ጎማው እንቁላል ይመስላል። አትጣለው፤ ይጠቅማል። ወደ ላይ የሚለካውን በጎማው ቁመት አስላ። ወደ ጎን የሚለካውን በጎማው ወርድ አስላ። ጎማ ክብ መሆኑን ስለምታውቅ ፎቶው ምን ያህል እንዳጠበበው ራሱ ይነግርሃል። ተማሪዎቼን ሳስተምር ይህን ሁልጊዜ በብርጭቆ አፍ ነበር የማሳያቸው።

ከቡሬ፦ እኔ የምሠራው ቲ-72 ነው። ከሃያ በላይ ፎቶ ሰብስቤአለሁ። ግን እርስ በርሳቸው አይገጥሙም። የአንዱ መብራት በቀኝ ነው፤ የሌላው በግራ።

መልስ፦ ሃያ ፎቶ ሳይሆን ሃያ ታንክ ነው የሰበሰብኸው። እኔን የሚያንገበግበኝም ይህ ነው። ሰዉ «ቲ-72» ብሎ ይፈልግና ያገኘውን ሁሉ አንድ ሞዴል ላይ ይለጥፋል። በዓለም ላይ የሌለ ታንክ ይወጣል።

ቲ-72 ሶቪየት ጦር ውስጥ የገባው በ1973 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ ተለዋውጧል። ግራና ቀኝ የምለው ሹፌሩ ተቀምጦ እንደሚያየው ነው። በመጀመሪያው፣ ኡራል በሚባለው፣ ትልቁ መብራት ከአፈሙዙ በስተግራ ነው። በኋለኞቹ፣ ለምሳሌ በቲ-72ኤ፣ በቀኝ ነው። ኡራል በየጎኑ አራት አራት ወደ ውጭ የሚከፈቱ ሳህኖች አሉት። ቲ-72ኤ ደግሞ በነዚያ ፈንታ ጎኑን ሙሉ የሚሸፍን መጋረጃ አለው። የጭስ ማስወንጨፊያ ቱቦዎቹን ቁጠር። ቲ-72ኤ 12 አለው፤ 7 በግራ፣ 5 በቀኝ። ቲ-72ቢ 8 ነው ያለው፤ ሁሉም በግራ።

ጎረቤቶቹም አሉ። የዩጎዝላቪያው ኤም-84 ከቲ-72 የተወለደ ነው፤ ቱሬቱ ላይ ከፊት የቆመች ቀጭን የነፋስ መለኪያ ዘንግ አለችው። የፖላንዱ ፒቲ-91 የሚመጣውን ጥይት ለመመከት ራሳቸው በሚፈነዱ ጡቦች የተሸፈነ ነው። ሁለቱንም «ቲ-72» ተብለው ተለጥፈው ታገኛቸዋለህ።

ስለዚህ ፎቶ ስታወርድ ሦስት ነገር ጻፍበት። የማን ታንክ ነው? የት ተነሣ? መቼ ተነሣ? አንዱ ከጎደለ ፎቶውን ለብቻው አስቀምጠው። ከዚያ አንድ ታንክ፣ አንድ ቦታ፣ አንድ ዘመን ምረጥና እሱን ሥራ።

ከባሕር ዳር፦ እኔ ዋር ተንደር ጌም ውስጥ ታንኩን እያዞርሁ ነው የማየው። ፎቶ ለምን ትደክማላችሁ?

ከደብረ ማርቆስ፦ ጌም መረጃ አይደለም ወንድሜ። እነሱም ከፎቶ ነው የሠሩት።

ከባሕር ዳር፦ ከአንተ ካርቶን ይሻላል።

ከቢቸና፦ ኧረ ተው፣ ሰው እየተማረ ነው።

መልስ፦ ሁለታችሁም ቆዩ። ጌሙ አጠቃላይ ቅርጹን ለመረዳት ይረዳል። ቱሬቱ ከጀርባ ምን እንደሚመስል ለማየት ጥሩ ነው። ብሎን ለመቁጠር ግን አይሆንም። የሌላ ሰው ግምት ነው የምትቀዳው።

ጌሙን ካነሣችሁት አይቀር ይህንም ልበል። በ2021 እ.ኤ.አ. አንድ ተጫዋች «ጌሙ ተሳስቷል» ለማለት ብሎ የእንግሊዙን ቻሌንጀር 2 ታንክ ምስጢራዊ ሰነድ እዚያው አወጣ። ወዲያው እንዲነሣ ተደረገ። በዚያው ዓመት የፈረንሳዩ ሌክለርክም ደረሰበት። እንዲህ ያለ ሰነድ ቢደርሳችሁ አትክፈቱ፣ አታስተላልፉ። ለሞዴላችሁ ከውጭ የሚታየው ይበቃል። መንገድ ላይ ያለ ታንክም ፎቶ አታንሱ።

ከሞጣ፦ መምህር፣ የጀርመኑን ታንክ ሊዮፓርድ 2ኤ4 ሠርቼ ነበር። አሁን ወደ 2ኤ6 ልቀይረው አስቤአለሁ። አፈሙዙን ምን ያህል ላስረዝም?

መልስ፦ እህቴ፣ በደንብ ጠየቅሽ። ዋናው ቁጥር ስሙ ውስጥ አለ። የ2ኤ4 መድፍ ኤል44 ይባላል። አፈሙዙ የቀዳዳውን ስፋት 44 ጊዜ ይረዝማል ማለት ነው። ቀዳዳው 120 ሚሊ ሜትር ነው። 44 በ120፣ 5.28 ሜትር። የ2ኤ6 ኤል55 ነው፤ 6.6 ሜትር። ልዩነቱ 1.32 ሜትር ነው። በ1/35 ወደ 38 ሚሊ ሜትር ታስረዝሚያለሽ።

ግን በአፈሙዝ ብቻ 2ኤ6 አይሆንም። የ2ኤ4 ቱሬት ፊቱ ቀጥ ያለ ግድግዳ ነው። ከ2ኤ5 ጀምሮ ፊቱ እንደ ማረሻ ጫፍ ሾለ። እሱንም ትሠሪያለሽ።

ከዳንግላ፦ እሺ፣ ዘመናዊ ታንክ። መረጃ ላክልኝ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ «ዘመናዊ ታንክ» የታንክ ስም አይደለም። የአሜሪካው አብራምስ ሌላ፣ የእስራኤሉ መርካቫ ሌላ። መርካቫ ሞተሩ ከፊት ነው፤ ሰንሰለቱን የሚስበው ጥርሳም ጎማም ከፊት ነው። አብራምስም ቲ-72ም ከኋላ ነው። የቱን ልላክልህ? መርጠህ ተመለስ።

ከፍኖተ ሰላም፦ ቀለሙስ? ትክክለኛው አረንጓዴ የቱ ነው?

መልስ፦ ቀለም ላይ አልገባም። ስክሪንህ ራሱ ቀለሙን ይቀይረዋል።

ከባሕር ዳር፦ 1/72 አይሻልም? 1/35 ቦታ ይፈጃል። ደግሞ 35 ምን ዓይነት ቁጥር ነው?

መልስ፦ ለቤትህ ጠረጴዛ አንተ ታውቃለህ። ቁጥሩ ግን ታሪክ አለው። የጃፓኑ ሞዴል አምራች ታሚያ በ1960ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. የፓንተር ታንክ ሞዴል ሲያወጣ ሆዱ ውስጥ ሞተርና ባትሪ መግባት ነበረበት። ለዚያ የበቃው መጠን ሲለካ 1/35 ሆኖ ተገኘ። ሌላውም ተከተለ።

ከቢቸና፦ ልጄ፣ እኔ በ1969 እና 70 ዓ.ም. ኦጋዴን የዘመትሁ ነኝ። የአሜሪካን ኤም-47 እዚያ አይቻለሁ። የልጅ ልጄ እንዲሠራልኝ እፈልጋለሁ። አንድ አሮጌ ፎቶ አለችን፤ ግን ኤም-47 ይሁን ኤም-41 አይለይም። ደብዝዛለች።

መልስ፦ አባቴ፣ እንኳን ጠየቁኝ። ደብዛዛ ፎቶም ቢሆን ጎማው ይቆጠራል። ኤም-47 በየጎኑ 6 ጎማ አለው። ኤም-41 ያለው 5 ነው። በሁለቱም ከላይ ሰንሰለቱን የሚሸከሙ 3 ትንንሽ መዘውሮች አሉ፤ በነሱ አይለዩዋቸው። የኤም-47 መድፍ 90 ሚሊ ሜትር ነው፤ የኤም-41 76። ፎቶዋን በብርሃን በደንብ ቅጂ አንሥተው ያስቀምጡ። ከጀርባዋ ቀንና ቦታ ካስታወሱ በእርሳስ ይጻፉባት። እሱን ከእርስዎ በቀር የሚነግረን የለም።

ከቡሬ፦ እንዲህ ከሆነ አባቴ ቤት ያለው ፎቶ ቲ-62 ነው። ጎማው 5 ነው።

ከደብረ ማርቆስ፦ 5 ከሆነ ቲ-55 ነው።

ከቡሬ፦ ቲ-62 ነው አልሁህ። አጎቴ ታንከኛ ነበር፣ እሱ ነው ያለው።

ከደብረ ማርቆስ፦ አጎትህ ይከበር፣ ግን ቲ-55 ነው።

መልስ፦ ሁለቱም 5 ጎማ አላቸው! በቁጥሩ አትጣሉ፣ ክፍተቱን እዩ። በቲ-55 በመጀመሪያውና በሁለተኛው ጎማ መካከል ሰፊ ክፍተት አለ። በቲ-62 ክፍተቱ ወደ ኋላ ነው፤ ከ3ኛው እስከ 4ኛው፣ ከ4ኛው እስከ 5ኛው። አፈሙዙንም እዩ። የቲ-55 ወፍራም እብጠት ጫፉ ላይ ነው። የቲ-62 ከጫፉ ገባ ብሎ ነው። ሁለቱም ከላይ መዘውር የላቸውም፤ ሰንሰለቱ ጎማው ላይ ይተኛል። ይህን አይታችሁ ንገሩኝ።

ከሞጣ፦ ፎቶውን ከየት ነው የምናወርደው? ኔት ሲኖር ብዙ ጊዜ የለንም።

መልስ፦ ለዚህ ነው ምን እንደምትፈልጊ ቀድመሽ ጽፈሽ የምትጠብቂው። ዊኪሚዲያ ኮመንስ ላይ አብዛኛው ፎቶ ቀንና ቦታ ተጽፎበታል። ለአሜሪካ ታንክ ዲቪድስ የሚባለው የራሳቸው ጦር የፎቶ ማከማቻ አለ፤ ቀኑ፣ ቦታው፣ የክፍሉ ስም ሳይቀር አለበት። ለሩሲያ ታንክ ስሙን በሩሲያ ፊደል ጽፈሽ ፈልጊ። በእንግሊዝኛ የማይወጣ ብዙ ነገር ይወጣል። ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሩሲያ የታንክ ውድድር ታካሂድ ነበር። ቲ-72ቢ3 ከጉብታ ላይ ሲዘል ሆዱ ሳይቀር የሚታይበት ቪዲዮ አለ።

የሙዚየም ፎቶም አለ። የእንግሊዙ ቦቪንግተን፣ የፈረንሳዩ ሶሙር፣ የጀርመኑ ሙንስተር፣ ሞስኮ አጠገብ ያለው ኩቢንካ። በቅርባችን ምጽዋ አደባባይ ላይ የቆሙት ሦስት ታንኮች በብዙ ጎብኚ ተነሥተዋል። ብረትና ብየዳ ለማየት ጥሩ ናቸው። ግን የሙዚየም ታንክ ዕቃው የጎደለ፣ ጎማው የተቀየረ፣ ቀለሙ የተደገመ ሊሆን ይችላል። በሥራ ላይ ካለው ፎቶ ጋር አስተያዪው።

ከዳንግላ፦ እሺ መምህር። አብራምስ። ኤም1ኤ1ን ከኤም1ኤ2 በምን እለያለሁ?

መልስ፦ ይኸው፣ አሁን ጠየቅህ! ቱሬቱን ከላይ እይ። ኤም1ኤ2 በግራ በኩል ከፊት የቆመ ክብ መመልከቻ አለው፤ የአዛዡ ነው። ኤም1ኤ1 የለውም። ከዚያ ጀምር። ፎቶ እልክልሃለሁ።

ከባሕር ዳር፦ የቲ-72 ርዝመት ስንት ነው?

መልስ፦ ከላይ አለ። የመጀመሪያው ጥያቄ። እባካችሁ አንብባችሁ ጠይቁ።

ከእንጅባራ፦ መምህር፣ ዘጠነኛ ክፍል ነኝ። የምሠራው በሲም ካርድ ፕላስቲክ ነው። ያለኝ ፎቶ አንድ ነው፣ ቲ-72ኤ፣ ግራ ጎኑ ብቻ ይታያል። ቀኙን ገልብጬ ልሥራው?

መልስ፦ አትገልብጠው። የቲ-72 ጭስ ማውጫ በግራ ብቻ ነው፤ ከገለበጥኸው ሁለት ሞተር ያለው ያስመስለዋል። የጭስ ማስወንጨፊያውም 7 እና 5 ነው፤ እኩል አይደለም። ጎማው፣ ሰንሰለቱና 3ቱ መዘውሮች ግን በሁለቱም ጎን ስላሉ አሁኑኑ ጀምራቸው። ጎማህ 21.4፣ ሰንሰለትህ 16.6 ሚሊ ሜትር ስፋት ይኑረው።

ፕላስቲክህ ጥሩ ነው። ሲም የሚነቀልበት ትልቁ ካርድ ውፍረቱ 0.76 ሚሊ ሜትር ነው። በእውነተኛው ታንክ ወደ 27 ሚሊ ሜትር ብረት ይሆናል። ለሣጥኖቹ ወፍራም ነው፤ እነሱን በሰርግ መጥሪያ ካርድ ሥራቸው።

ፎቶውን ላክልኝ። ቀኑና ቦታው ካለበት የዚያኑ ታንክ ቀኝ ጎን አብረን እንፈልጋለን።