«ዊን» ድል ከመሆኑ በፊት

ጥያቄ፦ ቲቸር፣ ጤና ይስጥልኝ። እዚሁ ሐዋሳ ባጃጅ እነዳለሁ። አስተምረውኛል፤ ስሜን ግን አልጽፍም፣ ከኋላ ወንበር ከሚተኙት አንዱ ነበርኩ። ፌርማታችን ላይ ልጆቹ ሁሉ የውርርድ ቲኬት ይቆርጣሉ። ሲሳካላቸው «ዊን ሆነ!» ብለው ይጨፍራሉ። ባለፈው አንድ ሽማግሌ ተሳፋሪ ይህን ሰምተው «ዊን ማለት እኮ ነፋስ ነው፤ ብራችሁም እንደ ነፋስ ነው የሚሄደው» አሉን። በጣም ሳቅን። ግን እውነት ቃሉ ከነፋስ ነው የመጣው? «ቪክትሪ» ከሚለውስ በምን ይለያል?

መልስ፦ ልጄ፣ ከኋላ የሚተኙትን አንድ በአንድ አስታውሳቸዋለሁ። የሚጠፉብኝ ከፊት ተቀምጠው ዝም የሚሉት ናቸው። ስለዚህ መደበቅህ ብዙም አልጠቀመህም።

ሽማግሌው ጨዋታ አዋቂ ናቸው። ቃሉ ላይ ግን ስተዋል። ነፋስ «ዊንድ» ነው፣ መጨረሻው ላይ «ድ» አለችው፤ ዘሩም ሌላ ነው። ከነፋስ የተወለደው «ዊንዶው» ነው። ቃሉን እንግሊዞች ያገኙት ከሰሜን ሰዎች፣ ከቫይኪንጎች ሲሆን ትርጉሙ «የነፋስ ዐይን» ነበር። አዲስ አበባ ያለው የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ስምም እንደዚያው ነው። ዊንጌት ከጃንሆይ ጋር ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው እንግሊዛዊ መኮንን ነው። በድል ቀን የገባ ሰው ስለሆነ ስሙ ውስጥ «ዊን» ያለበት ይመስላል። የለበትም። «የነፋስ በር» ማለት ነው፤ ነፋስ የሚነፍስበት የተራራ ማለፊያ።

አሁን ወደ ራሱ ወደ «ዊን» እንምጣ። ይህ ቃል ከሺህ ዓመት በፊት በጥንቱ እንግሊዝኛ «ዊናን» ይባል ነበር። ትርጉሙ መልፋት ነበር። መታገል፣ መዋጋት፣ መከራ ማየትም ነበር። ማሸነፍ ገና አልገባበትም። ሰውየው ታገለ ይልሃል እንጂ ተሳካለት አልተሳካለትም አይነግርህም።

ማስረጃ ልስጥህ። «ቤዎልፍ» የሚባል የጥንት እንግሊዝኛ ረጅም ግጥም አለ። በእጅ የተጻፈው አንድ ቅጂ ብቻ ነው የተረፈው፤ የሺህ ዓመት ዕድሜ ያለው ነው። ግጥሙ ውስጥ ግሬንደል የሚባል ጭራቅ የንጉሥ ህሮትጋርን አዳራሽ አሥራ ሁለት ክረምት ሙሉ ሲያምስ ይኖራል። ገጣሚው ይህን ሲተርክ ግሬንደል ከህሮትጋር ጋር «ዋን» ይላል። የዛሬ ተማሪ ካነበበው «አሸነፈ» ብሎ ይተረጉመዋል። ጭራቁ ግን ምንም አላሸነፈም። በመጨረሻ ክንዱን ተገንጥሎ ነው እየደማ የሸሸው። «ዋን» ያለው ሲዋጋ ስለኖረ ነው።

ታዲያ ድሉ ከየት መጣ? ድሮ ከፊቱ «የ» ብላ የምትጀምር ትንሽ ቅጥያ ነበረችው። እሷ ስትጨመር ትርጉሙ «ታግሎ አገኘ፣ ደክሞ እጁ አስገባ» ይሆናል። ጀርመኖች ይህችን ቅጥያ እስካሁን አልጣሏትም፤ አሸነፈ ለማለት «ገቪነን» የሚል ግስ አላቸው። እንግሊዞች ጣሏት። ቅጥያዋ ሄደች፣ ትርጉሟ ግን ቀረ። እንደ ፈረንጆቹ በ1300 ገደማ «ዊን» ብቻውን «ድል አደረገ» ማለት ሆነ። ልፋቱ ቀስ እያለ ከቃሉ ወጣ።

አይስላንድ ላይ ግን አልወጣም። እዚያ «ቪና» ማለት ሥራ ነው። ሰውዬው ጠዋት ተነስቶ «ወደ ቪና እየሄድኩ ነው» ቢልህ ቢሮው መሄዱ ነው። ግስ ሲሆን ደግሞ ያው ቃል ሠራም አሸነፈም ይሆናል። እንግሊዝኛም ውስጥ ፍርፋሪው አለ። የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች ከሰሉን ከመሬት ማውጣትን «ዊን» ይሉታል። ቤተሰብ የሚያስተዳድረውን ሰው ደግሞ «ብሬድ ዊነር» ይሉታል። ዳቦውን በሎተሪ አላገኘውም፣ ሠርቶ ነው ያመጣው።

እዚህ ጋ ስደርስ ሁሌም የሚገርመኝ የራሳችን አማርኛ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት አሞራ ገደል እወርዳለሁ። አንድ ብርጭቆ የዓሳ ሾርባ ይዤ ሐይቁን ማየት ከጡረታ ደመወዜ በላይ ያስደስተኛል። አባ ኮዳዎቹ የዓሳ ጭንቅላት ሲሻሙ፣ ልጆቹ ቆሮሶውን ሲልጡ፣ አንዱ አምባዛ በሁለት እጁ ተሸክሞ ሲሮጥ። አንድ የማውቀው ዓሳ አጥማጅ አለ። ሌሊት ሙሉ መረብ ላይ አድሮ ዐይኑ ደም መስሏል። «እንዴት ነው ሥራ?» አልኩት። «ምን ይደረግ ቲቸር፣ ኑሮን ለማሸነፍ ነው» አለኝ።

ስማው እስቲ። ኑሮን ለማሸነፍ። ይህ ሰው ማንንም አላሸነፈም፣ ዋንጫም አልያዘም። ሌሊቱን ሙሉ መሥራቱን ነው የነገረኝ። የጥንቱ እንግሊዝ ገበሬ ተነስቶ አጠገባችን ቢቀመጥ ኖሮ ዓሳ አጥማጁን ያለ አስተርጓሚ ይረዳው ነበር። የዛሬውን እንግሊዛዊ ግን ማስረዳት አለብህ።

ከልፋትም ወደ ኋላ የሚሄዱ የቃል ሊቃውንት አሉ። እነሱ «ዊን»ን ከጥንታዊ «መመኘት፣ መሻት» ከሚል ሥር ያመጡታል። የላቲኗ የፍቅር አምላክ የቬነስ ስም፣ እንግሊዝኛው «ዊሽ»፣ መርዝ የሚባለው «ቬነም» ሳይቀሩ ከዚያው ሥር ናቸው ይላሉ። መርዙ ምን አገናኘው እንዳትል፣ መጀመሪያ መስተፋቅር ነበር። ተመኘ፣ ለፋ፣ አገኘ። ቃሉ በዚህ መንገድ ነው የመጣው።

«ቪክትሪ» ሌላ ቤት ነው። ከላቲን በፈረንሳይኛ በኩል የገባ ነው። ሥሩ «ቪንከሬ» ይባላል፣ ድል መንሳት ማለት ነው፤ ከመጀመሪያውም የጦር ሜዳ ቃል ነው። ዩሊየስ ቄሣር «መጣሁ፣ አየሁ፣ ድል ነሳሁ» ያለው «ቪኪ» ያው ግስ ነው። በዕለት ወሬ ግን «ቪክትሪ» ይከብዳል። ኳስ ላይ «ዊን» ይበቃል፤ ዓድዋን ግን «ዊን» ብትለው ያንስበታል።

ከዚህ ቤት አንድ ዘመድ ብቻ ላስተዋውቅህ፣ ምክንያቱም ባጃጅህ ውስጥ በቀን አሥር ጊዜ ትሰማዋለህ፤ «ኮንቪንስ»። «ኮንቪንስ አድርጎኝ ነው የገዛሁት» ይላል ሰው። ውስጡ ያው «ቪንከሬ» አለ፤ በክርክር ድል ነሳ ማለት ነው። ወንጀለኛ ተብሎ የተፈረደበት «ኮንቪክት»ም ከዚያው ነው። የኛው «ረታ» ቁጭ! ሰው በችሎት ይረታል፣ በክርክር ይረታል፣ በልመናም ብዛት ይረታል።

አስተማሪ ነኝና አንድ እርማት ሳልጥል አልሄድም። በ1996 ዓ.ም. ሐዋሳ ከነማ የሊጉን ዋንጫ ያነሳ ጊዜ ከተማው ለቀናት አልተኛም። ክፍል ገብቼ «ስላያችሁት ጨዋታ ጻፉ» አልኳቸው። ከግማሽ የሚበልጠው ክፍል «ዊ ዎን ዜም» ብሎ ጻፈ። «አሸነፍናቸው» ለማለት ነው። አማርኛው ልክ፣ እንግሊዝኛው ስህተት። «ዊን» ሰው አይከተለውም። የምታገኘው ነገር ነው የሚከተለው፤ ጨዋታው፣ ዋንጫው፣ ጦርነቱ። ሰውን ለማሸነፍ «ቢት» በል። ለምን እንደሆነ አሁን ይገባሃል። ለፍተህ እጅህ የምታስገባው ዋንጫውን ነው፣ ተጋጣሚህን አይደለም። ያኔ ይህን ታሪክ አላውቀውም ነበርና «ሕጉ ነው፣ ያዙት» ብዬ በቀይ እስክሪብቶ አለፍኩ። ከሠላሳ ስምንት ደብተር ሃያ ሦስቱ ቀይ ሆነ። ያንተም ሳይኖርበት አይቀርም።

ስለ ቲኬቱ አልመክርህም፣ ትልቅ ሰው ነህ። የእህቴም ልጅ ይቆርጣል። አንድ ቀን «አክስቴ፣ ዊን ሆነ!» ብሎ ኬክ ይዞ መጣ። ስንት እንዳስገባ፣ ስንት እንዳወጣ ወረቀት ላይ አብረን ደመርነው። ኬኩን በላነው፣ ወረቀቱን ግን ኪሱ ከትቶ ሄደ።

ጥያቄ፦ ከአዳማ ነኝ፣ የ10ኛ ክፍል ተማሪ። «ናይኪ» የሚለው የጫማ ስም ድል ማለት ነው የሚሉኝ እውነት ነው? ጓደኛዬ ይሄ የፌስቡክ ወሬ ነው ብሎ ተወራርደናል።

መልስ፦ ውርርዱን ዊን አድርገሃል (አየህ፣ ውርርድ እንጂ ጓደኛህን አይደለም)። ኒኬ የግሪኮች የድል አምላክ ናት፣ ክንፍ ያላት ሴት። ኩባንያው ሲመሠረት ስሙ ሌላ ነበር፤ እንደ ፈረንጆቹ በ1971 ነው ስሟን የወሰደው። እንግሊዝኛ አፍ ውስጥ ገብታ ናይኪ ሆነች።

ስሟን ግን ከጫማው በፊት እኛ እናውቀዋለን። የዐቢይ ጾም ሰባተኛው እሑድ ማን ይባላል? ኒቆዲሞስ። «ኒቆ» ኒኬ ናት፣ «ዴሞስ» ሕዝብ ነው፤ የሕዝብ ድል። ኒቆላዎስም በሌላ ቃል ያው ትርጉም ነው። ለጓደኛህ ይህንንም ንገረው፣ ግን መጀመሪያ የተወራረዳችሁበትን ተቀበል።