ከሒሳብ ሥራ ርቃችሁ ለምትመለሱ

ልጆቼ፣

ልጅ ለማሳደግ፣ ወላጅ ለማስታመም ወይም በሌላ የቤት ጉዳይ ከሒሳብ ሥራ ሦስት አራት ዓመት ለራቃችሁ ነው የምጽፈው። ብዙዎቻችሁ «ሁሉንም ረስቼዋለሁ» ብላችሁ ትፈራላችሁ። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ያልረሳችሁት ነው። ዴቢትና ክሬዲት ሁለት ሳምንት ከሠራችሁበት ተመልሶ ይመጣል። የረሳ ሰው ሕጉን ገልጦ ያያል፤ የድሮውን ቁጥር በቃሉ የያዘ ግን ሳያይ ይሠራል፣ ስህተቱንም አያውቀውም።

የደመወዝ ግብርን ውሰዱ። በ2008ቱ የገቢ ግብር አዋጅ ከግብር ነፃ የነበረው የወር ደመወዝ እስከ 600 ብር ነበር፤ 35 በመቶው ደግሞ ከ10,900 ብር በላይ ይጀምር ነበር። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ በሚሠራው ማሻሻያ፣ በአዋጅ ቁጥር 1395/2017፣ ነፃው 2,000 ብር ደርሷል። ከዚያ በላይ እስከ 4,000 ብር 15 በመቶ፣ እስከ 7,000 20 በመቶ፣ እስከ 10,000 25 በመቶ፣ እስከ 14,000 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ 35 በመቶ ነው። ደመወዙ በሙሉ በመቶው ከተባዛ በኋላ የሚቀነሱት ተቀናሾችም በቅደም ተከተል 300፣ 500፣ 850፣ 1,350 እና 2,050 ብር ናቸው።

በ12,000 ብር ደመወዝ ሞክሩት። 30 በመቶው 3,600 ነው፤ 1,350 ሲቀነስ ግብሩ 2,250 ብር ይሆናል። በድሮው ሰንጠረዥ 2,700 ይወጣ ስለነበር፣ በቃሉ የሚሠራ ሰው ከሠራተኛው ላይ በየወሩ 450 ብር ያለ አግባብ ይቆርጣል። የጡረታው መዋጮ የድሮው ነው፦ ሠራተኛው 7 በመቶ፣ ማለትም 840 ብር፣ ድርጅቱ 11 በመቶ፣ ማለትም 1,320 ብር። የሠራተኛው እጅ የሚገባው 8,910 ብር ነው። እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስህተት አለ። 840ውን አስቀድሞ ቀንሶ በቀሪው ላይ ግብር የሚያሰላ ሰው 1,998 ብር ያገኛል፤ በወር 252 ብር ጎድሎ ይገለጻል፣ ውዝፉና ቅጣቱም ይከተላል። ግብሩ የሚሰላው ጡረታው ሳይቀነስ ነው።

ተጨማሪ እሴት ታክስም ምጣኔው 15 በመቶ እንደሆነ ቢቆይም፣ አዋጁ ራሱ ተቀይሯል፤ የ1994ቱን 285 የተካው 1341/2016 ነው። ሁለቱን አዋጆች ጎን ለጎን አድርጋችሁ አንብቡ። ሙሉ ቀን ይፈጃል፤ ለቃለ መጠይቅ ከምትሸመድዱት ሁሉ ይበልጥ ይጠቅማል።

ከንባቡ በኋላ እጃችሁን አሠሩ። ሱቅ ወይም ካፌ ያለው ዘመድ ካላችሁ የሦስት ወር ደረሰኝና የባንክ ስቴትመንት ለምኑት። መዝግቡ፣ የባንክ ማስታረቂያ ሥሩ (መዝገባችሁን ከባንኩ ስቴትመንት ጋር አመሳክሩ)፣ የአንድ ወር ደመወዝ መክፈያ አዘጋጁ፣ ትርፍና ኪሳራውን አውጡ። ፒችትሪ በሚባለው የሒሳብ ሶፍትዌር ብትሠሩት ጥሩ ነው፤ ካላገኛችሁ ኤክሴል ይበቃል። ማስታረቂያው እንቢ ሲላችሁ ልዩነቱን ለ9 አካፍሉት። ያለ ቀሪ ከተካፈለ ሁለት አኃዝ ተገላብጦ ተጽፎ ሊሆን ይችላል፤ 540 የነበረው 450 ሲባል ልዩነቱ 90 ነው።

ወረቀቱን ከማመልከታችሁ ቢያንስ አንድ ወር ቀድማችሁ አሰባስቡ፤ ብዙ ሰው ማስታወቂያ ካየ በኋላ ሲሯሯጥ ቀኑ ያልፍበታል። የቀድሞ አሠሪ የሠራችሁትን ሥራ፣ የአገልግሎት ዘመናችሁንና ደመወዛችሁን የሚገልጽ ምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ የመስጠት ግዴታ አለበት። ከግል ድርጅት ከሆነ የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆኑ ይጻፍበት፤ ይህች አንድ ዓረፍተ ነገር ስለጎደለች ብቻ ልምዱ ሳይቆጠር የሚቀር አለ። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥራችሁ የድሮው ነው፣ ሌላ አታውጡ።

ሲቪው ላይ ክፍተቱን አትሸፍኑ። «ከመስከረም 2014 እስከ ሰኔ 2017፦ ልጅ ማሳደግ» ብላችሁ በአንድ መስመር ጻፉት፤ ከሥሩ ያነበባችኋቸውን አዋጆችና የሠራችሁትን የልምምድ ሒሳብ አስቀምጡ። የቀድሞውን ሥራ ዘመን መለጠጥ ደግሞ ፈጽሞ አይሞከርም። የልምድ ደብዳቤው ቀኑን ይናገራል፤ ገንዘብና መዝገብ የሚረከብ ሰው በቀን ከዋሸ ማን ያምነዋል? ቃለ መጠይቅ ላይም «ለምን አቆምሽ?» ሲባል መልሱ ከሁለት ዓረፍተ ነገር አይለፍ። ይቅርታ የሚያስጠይቅ ነገር የለውም። ወዲያው ስለ አዲሱ ሰንጠረዥ ወይም ስለ ማስታረቂያው ተናገሩ፤ ጠያቂው ሊያውቅ የሚፈልገው ነገ ጠዋት ወንበሩ ላይ ብትቀመጡ ምን እንደምትሠሩ ነው።

ወቅቱንም እዩ። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ የደረጃ «ሀ» ግብር ከፋዮች፣ ማለትም ድርጅቶችና ሽያጫቸው ከፍ ያለ ነጋዴዎች፣ ዓመታዊ ግብራቸውን የሚያሳውቁት እስከ ጥቅምት መጨረሻ ነው። በእነዚያ አራት ወራት የሒሳብ ክፍሎችና የኦዲት ድርጅቶች ሥራ ይበዛባቸዋል። ስለዚህ ከግንቦት ጀምራችሁ አመልክቱ፤ የሦስት ወር ኮንትራት ቢገኝም አትናቁት። የቅርብ ጊዜ የልምድ ደብዳቤ ይሰጣችኋል፣ ክፍተቱም ከዚያ ወዲህ የቆየ ታሪክ ይሆናል።

ስትቀጠሩ ውሉን አንብቡ። የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ መሆን አለበት፤ ከ60 የሥራ ቀንም አይበልጥም። ወደ ቀድሞ አሠሪያችሁ ለዚያው ሥራ ከተመለሳችሁ ግን ሕጉ ዳግመኛ የሙከራ ጊዜ አይፈቅድም፤ ውሉ ላይ ከተጻፈ ከመፈረማችሁ በፊት አንሡት። በመጀመሪያው ሳምንት ያለፈውን ወር የደመወዝ መክፈያ ጠይቃችሁ ከአንድ እስከ መጨረሻ ራሳችሁ አስሉት። ከእናንተ ቁጥር ጋር ካልገጠመ አስቀድማችሁ ሰንጠረዡን እንደገና እዩ፣ ከዚያ አለቃችሁን ጠይቁ።